የታኅሣሥ ፀሐይ በጎሬ በር ላይ

አሮጌ በር ፎቶ ለማንሳት የቆመ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ክፈፉን ነው። በኢሉባቦር ከተሞች፣ በጎሬና በመቱ፣ የቆዩ የጭቃ ቤቶች ቆርቆሯቸው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል። ምክንያቱ ዝናቡ ነው። ኢሉባቦር በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ጭቃ ግድግዳ ውኃ በቀጥታ ከመታው ልስኑ ይረግፋል፣ ማገሩ ይገለጣል። ስለዚህ ቤቱን የከደነው ሰው ቆርቆሮውን አስረዝሞ ይተወዋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ዝናቡን የሚመልሰው ክፈፍ ግን ብርሃኑንም ይመልሳል። በሩ አብዛኛውን ቀን ጥላ ውስጥ ይውላል።

የፍርስራሽና የአሮጌ በር ፎቶ ሲባል ዓይናችን የለመደው ሌላ አገር ነው፦ የአክሱም ድንጋይ፣ የሐረር ግንብ፣ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ የተኛው የዳሎል ጨው። ሁሉም ፀሐይ የማያጣው አገር ነው። ጠራራ ላይ ያለ ግድግዳ በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 8 ቢነሳ 1/400 ሰከንድ ይበቃዋል። መቱ ላይ በደመናማ ቀን ከክፈፍ ሥር ያለ በር በዚያው ልክ 1/15 ሰከንድ ይፈልጋል። ልዩነቱ ከ25 እጥፍ በላይ ነው። እጅ ይህን ያህል አይጸናም፤ ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት።

ደመናን ግን አልጠላውም። ለቀለም ከደመና የተሻለ ብርሃን የለም። ከደፉ አጠገብ የበቀለው የድንጋይ ሽበት፣ ጢስ ያጠቆረው የጉበን ጫፍ፣ በአረንጓዴ ቀለም ሥር ብቅ ያለው ሰማያዊ፣ በሰማያዊው ሥር ያለው ቡናማ፣ ሁሉም እኩል ይታያሉ። አንድ ችግር አለ። ቀለም የተቀባ ሳንቃ ነጩን ሰማይ መልሶ ያንጸባርቃል፣ ቀለሙም ይገረጣል። ፖላራይዘር ሌንሱ ፊት ገብቶ ቀስ ተብሎ ሲዞር ነጸብራቁ ይቀንሳል፤ ዋጋውም አለው፤ 1/15 የነበረው ወደ 1/4 ሰከንድ ይረዝማል። ያም ሆኖ ደመና የማያሳየው ነገር አለ። የመሣሪያ ዱካ አያሳይም። አናጢው ሳንቃውን በምን እንደጠረበው፣ ምስማሩን እንዴት እንደመታው ለማየት ከጎን ሸርተት ብሎ የሚያልፍ ፀሐይ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ፀሐይ እዚህ የሚገኘው በስሌት ነው። መቱ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ናት። ሰኔ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ። በዚያ ሰዓት የ60 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ የሚጥለው ጥላ 2 ሜትር ከ20 ይወርዳል። ወደ ሰሜን የዞረ በር ከነደፉ ይሸፈናል፤ ያውም ፀሐይዋ ከደመና ከወጣች ነው። ታኅሣሥ ላይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ላይ ታልፋለች፤ የቀትሩ ጥላ ወደ 1 ሜትር ያጥራል። ወደ ደቡብ የዞረው በር የላይኛው ክፍሉ ይጠቁራል፣ የታችኛው ይነጣል። ለፎቶ ከዚህ የከፋ ብርሃን አላውቅም።

መልካሙ ሰዓት ጠዋት ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከቀጥታው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ገባ ብላ ነው። ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ የዞረውን ግድግዳ የምታገኘው በ26 ዲግሪ ገደማ፣ ከጎን ነው። ገና ዝቅ ያለች ስለሆነች የክፈፉ ጥላ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ ከጉበኑ በላይ ይቀራል። በሩ በሙሉ በርቶ፣ ብርሃኑም ሸርተቴ ሆኖ፣ ሁለቱ የሚገጥሙት በዚህ ወር በዚህ ሰዓት ነው። ኢሉባቦር ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ በ12 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች፤ ሰዓቱ 1፡45 አካባቢ ነው። ጭጋግ ካለ ያ ጠዋት አለፈ ማለት ነው። የሚነሳው በር ወደ ደቡብ ካልዞረ ደግሞ ሌላ በር መፈለግ ነው።

ጎሬ ውስጥ ወደ ደቡብ የዞረ አንድ የሱቅ በር አለ። ሁለት መዝጊያ አለው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ የሁለቱ ስፋት አንድ ላይ 1 ሜትር ከ10። እያንዳንዱ መዝጊያ ሦስት ሳንቃ ነው፤ ሳንቃዎቹ እኩል አይደሉም። ሰፊው በማጠፊያው በኩል ነው፣ ጠባቡ መሐል ላይ ከሌላው መዝጊያ ጋር የሚገናኘው። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመሣሪያ እሺ ይላል፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፤ የምዕራቡ አናጢ ለበርና ለሣጥን የሚመርጠውም ለዚህ ነው።

ፊቱ በመላጊያ ተልጓል። ለዓይን ልሙጥ ነው። የጠዋቱ ፀሐይ በጎን ሲያልፍበት ግን ከላይ እስከ ታች ዝቅ ከፍ ያለ መስመር ይወጣል፤ የመላጊያው ምላጭ የሄደበት ነው። የምስማሮቹ ራስ ከእንጨቱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ብሏል። በዚህ ብርሃን እያንዳንዱ ወደ ግራ 6 ሚሊ ሜትር ጥላ ይጥላል፤ የራሱን ቁመት እጥፍ። ራሳቸው ክብ አይደለም። በመዶሻ ተመትቶ አራት አምስት ጠፍጣፋ ገጽ የያዘ ነው፤ የቀጥቃጭ ሥራ ነው። የፋብሪካው ምስማር ከታች በኩል ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አለ፤ ራሱ ክብና ልሙጥ ስለሆነ ጥላውም የተስተካከለ ነው።

የሱቅ በር ወደ ውጭ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ይተኛል። ይህ ለፎቶ ትልቅ ነገር ነው፤ ጀርባው ያንኑ ብርሃን ያገኛልና። ባለቤቲቱን ለምኖ እስከ መጨረሻው ማስከፈት ይገባል። (አሮጌ በር ምን እንደሚያደርግልኝ ጠይቀውኛል። መልሴ ብዙም አላረካቸውም፤ በሩን ግን ከፈቱልኝ፣ ቡናም ጨመሩ።) ጀርባው አልተላገም። ገጹ ሁሉ በመጥረቢያ ዱካ ተሸፍኗል፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፣ እያንዳንዱ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው። ዱካዎቹ ከታች ወደ ላይ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ አናጢው ሳንቃውን አንዴ አስተኝቶ ቦታ ሳይቀይር ጨርሶታል። መጋዝ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዱካ በተገኘ፦ የእጅ መጋዝ ቀጥ ያለ ግን እኩል ያልተራራቀ ጭረት ይተዋል፣ የፋብሪካ ክብ መጋዝ ደግሞ ቅስት።

ሳንቃዎቹ እንዲሁ ጎን ለጎን አልቆሙም። የእያንዳንዱ ጠርዝ ውፍረቱ ግማሽ በግማሽ ተቀንሶ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል። ታኅሣሥ ላይ እንጨቱ ደርቆ ስለሚሸሽ በፊት በኩል የ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይታያል፤ ከኋላ ያለው ደረብ ስለሚሸፍነው ብርሃን አያሳልፍም። ነሐሴ ላይ ሳንቃው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል። አናጢው ያንን 3 ሚሊ ሜትር ባይተው ኖሮ በክረምት ሳንቃዎቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው በሩ ይቆለመም ነበር። ምስማሩም ከፊት ገብቶ ከኋላ ከወጣ በኋላ ጫፉ ተቀልብሶ ወደ እንጨቱ ተመልሷል። እንዲህ የተቀለበሰ ምስማር በሩ ስንት ጊዜ ቢወረወር አይላላም።

ከኋላ ሁለት አግዳሚና አንድ ሰያፍ አለ። ሰያፉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የግራው መዝጊያ ሰያፍ የታች እግሩ በማጠፊያው በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ መሐል ሽቅብ ይወጣል። በሩ በራሱ ክብደት ወደ መሐል ሊያዘነብል ሲል ሰያፉ ከሥር ይደግፈዋል፣ ክብደቱንም ወደ ታችኛው ማጠፊያ ያሻግራል። የቀኙ መዝጊያ ሰያፍ ግን በተቃራኒው ነው፤ እግሩ መሐል ላይ ነው። ክብ ራስ ያላቸው የፋብሪካ ምስማሮችም እዚሁ መዝጊያ ላይ ናቸው። ይህ መዝጊያ በኋላ ዘመን ተተክቷል፤ የተካው ሰው የግራውን እያየ ቀድቶታል፣ መገልበጥ እንዳለበት ሳያስተውል። ውጤቱ ደፉ ላይ ተጽፏል። የቀኙ መዝጊያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ደፉን ፍቆ ቅስት ሠርቶበታል። በግራው በኩል ደፉ ላይ ምንም የለም።

እንዲህ ያለ በር ለምን ጎሬ ውስጥ ይገኛል? ጎሬ የገዢዎች መቀመጫም የነጋዴ ከተማም ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን የገዙት ከዚህች ከተማ ነው። በ1894 ዓ.ም. ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደላቸው፤ ጋምቤላ የተቆረቆረችው በዚህ ነው። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት ጀልባ ይመጣ ነበር። ቡናው በበቅሎ ከጎሬ ወርዶ ይጫን፣ ጨውና ጨርቁ በዚያው መንገድ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ዕቃ ያለው ሰው ጠንካራ በር ይሻል። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠው እዚሁ ነው፤ በኅዳር 1929 የጣሊያን ጦር እስኪገባ ድረስ። ዋና ከተማነቱ በኋላ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው መቱ ተዛወረ። መቱ በብሎኬትና በብረት በር ስትታደስ ጎሬ ብዙ አሮጌ እንጨቷን እንደያዘች ቀረች። ከዚህ አልፎ ይህ በር በዚህ ዓመት ተሠራ ማለት ግን አይቻልም። የቀጥቃጭ ምስማር ዕድሜን አይናገርም፤ ቀጥቃጮች ዛሬም አሉ።

በር ፎቶ በማንሳት ረገድ ከሁሉ በፊት የምጠቅሰው ሥራ በአክሱም የተሠራው ነው። በ1898 ዓ.ም. በኤንኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉዞ ወደ አክሱም ሲመጣ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባለ አርክቴክት አብሮ ነበር፤ ካሜራውንም የያዘው እሱ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1913 በርሊን ውስጥ በአራት ቅጽ ታተመ። እዚያ ከቆሙት ትልልቅ ሐውልቶች አንዱ ከሥሩ የድንጋይ በር አለው፤ መዝጊያው ከነቁልፉ የተቀረጸ፣ የማይከፈት። ጠራቢዎቹ የእንጨት ቤት አሠራርን ነው በድንጋይ የቀዱት። በየፎቁ መካከል የወራጁ ጫፎች ‘የጦጣ ራስ’ ሆነው ወጥተዋል። እውነተኛው እንጨት እስከ ዛሬ ያለበትን ለማየት የሚሻ ደብረ ዳሞ ይውጣ፤ የመቃኑ ማዕዘን ላይ አራቱ ጫፎች አራት ማዕዘን ሆነው ብቅ ብለዋል። የጎሬው መቃን ከዚህ ይለያል። ጫፉ ቀጥኖ ተጠርቦ ጉበኑ ውስጥ በተበሳው ቀዳዳ ገብቷል፣ በእንጨት ችንካር ተወግቷል፣ ከዚያ ጭቃው ሸፍኖታል። ልስኑ በረገፈበት በቀኝ በኩል ብቻ ይታያል። በመቃኑና በጉበኑ መካከል ጥፍር አይገባም።

እንደ ፎን ሉፕከ ያለ አርክቴክት ከፎቶ የሚፈልገው ልኩን ነው፤ መስመሩ እንዳይዛነፍ። ካሜራ ሽቅብ ካየ የበሩ ጎኖች ወደ ላይ ይጠባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ወገብ ግን ይፈልጋል፦ ሌንሱ የበሩ ቁመት እኩሌታ ላይ፣ ማለት ከመሬት 1 ሜትር ላይ ይቀመጣል፣ የካሜራው ጀርባም ከሳንቃው ጋር ትይዩ ይሆናል። ተንበርክኮ ማየት ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሩን ከነጉበኑና ከነደፉ፣ 2 ሜትር ከ40 ያህል ቁመት ለመያዝ 3 ሜትር ከ40 መራቅ ያስፈልጋል። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ 5 ሜትር ከ70። መንገዱ ከፈቀደ 85ቱን እመርጣለሁ። ቅርብ ሲቆሙ የመቃኑ የውስጥ ጎን ይታይና በሩ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል። 28 ሚሊ ሜትር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት ሳንቃው ፊት ላይ መቆም ነው።

ሁለት ፎቶ ይበቃል፤ አንዱ በሩ ተዘግቶ፣ አንዱ ተከፍቶ መዝጊያዎቹ ግድግዳው ላይ ተኝተው። በመካከላቸው ማቆሚያው መነቃነቅ የለበትም። ፀሐይዋ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ በሩን ለመክፈት ረጅም ጊዜ ከወሰደ የምስማሮቹ ጥላ ይለወጣል፣ ሁለቱን ፎቶዎች ማወዳደርም ይከብዳል።

ኅትመቱን 24 በ30 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ፣ በሩ 20 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን አድርጌ አወጣዋለሁ። እንዲህ ሲሆን በወረቀቱ ላይ ያለው 1 ሴንቲ ሜትር በበሩ ላይ 10 ነው። ማስመሪያ የያዘ አናጢ የሳንቃውን ስፋት፣ የአግዳሚውን ቦታ፣ የሰያፉን ማዕዘን ከፎቶው ላይ ለክቶ የቀኙን መዝጊያ እንደገና ሊሠራው ይችላል፤ በዚህኛው ጊዜ ገልብጦ። ከኅትመቱ ጀርባ በእርሳስ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ጎሬ፣ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ታኅሣሥ፣ ጠዋት 1፡45፤ ዋንዛ፤ የቀኙ መዝጊያ የተተካ፤ ልክ 1 ለ10።