ሙቀቱን በተወለደበት የሚውጥ ሰም

ሊቲየም ክሎራይድ ውሃ የሚስብ ጨው ነው። በውሃ ተበጥብጦ እንኳ መሳቡን አይተውም፤ እርጥብ አየር በላዩ ሲያልፍ ተኑን መጥጦ ያስቀረዋል። ጨው የጠገበው ብጥብጥ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አብሮት የተዘጋበትን አየር አንጻራዊ እርጥበት ወደ 11 በመቶ ያወርደዋል። ተራው ኤሲ ግን እርጥበት የሚቀንሰው ተኑ ጠብታ እስኪሆን ድረስ አየሩን በማቀዝቀዝ ነው፤ ብዙ ጊዜም የበረደውን አየር መልሶ ማሞቅ ይመጣል።

የፈሳሹ ችግር ከራሱ ሥራ ይመነጫል። አንድ ኪሎ ተን ወደ ውሃ ሲለወጥ 2,450 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ያራግፋል። ፈሳሹ በዚህ ይሞቃል፤ በሞቀ መጠንም መምጠጡ ይደክማል። ቀዝቃዛ ውሃ በሚያልፍበት ቱቦ እንዳያበርዱት ጨው ብረት ይበላል፤ ጨው የማይጎዳው ፕላስቲክ ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም።

ልቤን የወሰደው መፍትሔ ሰም ነው። ኦክታዴኬን የሚባለው የፓራፊን ሰም 28 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም በኪሎ 240 ኪሎጁል ገደማ እየዋጠ እሱ ራሱ ከ28 ፈቀቅ አይልም። በጥቃቅን እንክብሎች ታሽጎ በፈሳሹ ውስጥ ሲበተን፣ ሙቀቱ ቱቦ ፍለጋ ሳይሄድ በተወለደበት ቦታ ተቀባይ ያገኛል።

እንክብሉን ጠጋ ብሎ ላየው የታሰበበት ነገር ብዙ ነው። ፓራፊን ሙቀት በቀላሉ ስለማያሳልፍ፣ ትልቅ ጓል ቢሆን ዳር ዳሩ ቀልጦ መሃሉ እንደረጋ ይቀራል፤ በማይክሮሜትር እስከሚለካ ድረስ የሚያደቁት ለዚህ ነው። ሲቀልጥ በ10 በመቶ ገደማ ያብጣል፣ ቅርፊቱም ይህን ሳይፈነዳ መቻል አለበት። ቅርፊቱ ቢወፍር ሙቀት ይከለክላል፤ ቢሳሳ ፓምፑ ይሰባብረዋል። በዚያ ላይ 40 በመቶ ሊቲየም ክሎራይድ ያለው ፈሳሽ በሊትር 1.25 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ሰሙ ከ1 ኪሎ በታች ነው፤ ዝም ካሉት እንደ ወተት ስልባቦት ከላይ ይንሳፈፋል። ይህን ሁሉ አስታርቆ የሚሠራ እጅ ምን ያህል ትዕግሥት ይኖረው!

ሰሙ ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ለጊዜው ይይዘዋል እንጂ። ለአንድ ኪሎ ውሃ አሥር ኪሎ ያህል ሰም ስለሚያስፈልግ፣ መልሶ የማርጋቱ ሥራ ቀላል አይደለም። ውሃ የጠገበው ፈሳሽ በፀሐይ ወይም በፋብሪካ ተረፈ ሙቀት ሞቆ ውሃውን ይለቃል፤ ተመልሶ አየር ከመንካቱ በፊት ደግሞ ከ28 በታች መብረድ አለበት። 18 ዲግሪ ላይ የሚቀልጠው ሄክሳዴኬን ቢመረጥ ፈሳሹ ይበልጥ ቀዝቅዞ ይሠራ ነበር፣ ነገር ግን ለማርጋት የሌሊት አየር በብዙ ሞቃት አገር አይበቃውም። የመቅለጫውን ዲግሪ መምረጥ፣ ለእኔ፣ የጥበቡ ዋና ቦታ ነው።

የደቀቀ ሰም ደግሞ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፦ መርጊያው ዲግሪ ደርሶም ብዙ ዲግሪ ወርዶ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ባለሙያዎች ለዚህ ቀደም ብሎ የሚረጋ ሌላ ሰም በጥቂቱ ይጨምሩበታል። እሱ አስቀድሞ ይጠጥራል፤ ኦክታዴኬኑም በእሱ ላይ እየተደረደረ ይረጋል።