«ቅጅ ነውና አይነካካም» የሚለው ትምህርት ሲመረመር

የነገር-ተኮር ፕሮግራም አጻጻፍን ለማስተማር በሚዘጋጁ ጽሑፎች ዘንድ አንድ አጭር ደንብ ተደጋግሞ ይገኛል። ይኸውም፣ መረጃውን በራሱ ውስጥ የሚይዘው ዋጋ ያዥ ዓይነት ከአንድ ተለዋዋጭ ወደ ሌላው ሲተላለፍ መረጃው ይቀዳል፤ አድራሻ ያዥ ዓይነት ሲተላለፍ ግን የሚቀዳው አድራሻው ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ተለዋዋጮች አንዱን ነገር ይጋራሉ የሚለው ነው። ደንቡ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ተነሥቶ፣ «እንግዲህ ዋጋ ያዥ ዓይነት ቅጅ ነውና ብዙ የሥራ ክሮች ያለ ሥጋት ሊጠቀሙበት ይችላሉ» ወደሚል መደምደሚያ ሲደረስ ነው።

የሥራ ክር፣ በተለምዶ ትሬድ የሚባለው፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ክሮች ጋር ጎን ለጎን የሚካሄድ የትእዛዞች ተከታታይ ነው። ክሮቹ የፕሮግራሙን ማኅደረ ትውስታ በጋራ ስለሚጠቀሙ አንዱ በሚጽፍበት ቦታ ሌላው ሊያነብ ወይም ሊጽፍ ይችላል።

የደንቡ እውነተኛ ክፍል

አንድ መምህር የክፍሉን ሮስተር ቀድቶ ለባልደረባው ቢሰጥ፣ ባልደረባው በቅጅው ላይ የሚጽፈው ዋናውን አይለውጥም። አንድ ቁጥር ተቀድቶ ለአንድ ክር ሲሰጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ነገር ግን ሁለቱ መምህራን አንዱን ሮስተር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በየፊናቸው ቢሞሉት፣ በውስጡ ያሉት ተራ ቁጥሮች መሆናቸው ከስሕተት አያድናቸውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ መረጃው የተቀመጠበት ቦታ የጋራ ነው ወይስ የግል የሚለው ነው። የዓይነቱ ስም ብቻውን ለዚህ መልስ አይሰጥም።

ደንቡ የማይሸፍናቸው ሁኔታዎች

በሲ ሻርፕ ቋንቋ ኢንት የተባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ዋጋ ያዥ ነው። ሆኖም የአንድ ኦብጀክት አካል ሆኖ ኦብጀክቱን ሁለት ክሮች ቢጋሩት ቁጥሩም የጋራ ይሆናል። በዚህ ቆጣሪ ላይ 1 መደመር ሦስት ተግባሮችን ይጠይቃል፤ ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ። አንደኛው ክር 40 ን አንብቦ ገና ሳይጽፍ ሁለተኛውም ያንኑ 40 ሊያነብ ይችላል። ሁለቱም 41 ይጽፋሉ፤ ሁለት ጊዜ ተደምሮ የተመዘገበው አንዱ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ሁኔታ ይበልጥ ረቂቅ ነው። የሲ ሻርፕ መደበኛ ሰነድ፣ በመጀመሪያ በ2001 እ.ኤ.አ. ኢ.ሲ.ኤም.ኤ-334 በሚል መለያ የወጣው፣ ባለ 32 ቢትና ከዚያ ያነሱ ቁጥሮች ሳይከፈሉ በአንድ ጊዜ እንደሚነበቡና እንደሚጻፉ ያረጋግጣል። ለሎንግ፣ ለደብል፣ ለዴሲማልና ፕሮግራመሩ ራሱ ለሚፈጥራቸው ስትራክቶች ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም። ዴሲማል ባለ 128 ቢት ነው፤ ለገንዘብ ሒሳብም ያገለግላል። አንዱ ክር ግማሹን ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው ቢያነበው፣ ከአሮጌውና ከአዲሱ የተቀጣጠለ፣ ማንም ያልጻፈው ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። የጃቫ መደበኛ ሰነድም ቮላታይል ተብለው ያልተሰየሙ ሎንግና ደብል በሁለት ባለ 32 ቢት ክፍሎች ሊጻፉ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ስለሆነም «ቅጅ ነው» የሚባለው መረጃ፣ መቀዳቱ ራሱ በመካከል ሊቋረጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ስትራክት በውስጡ የድርድር አድራሻ ከያዘ፣ ስትራክቱ ሲቀዳ ድርድሩ አይቀዳም፤ ሁለቱ ቅጆች ወደ አንዱ ድርድር ያመለክታሉ።

አራተኛ፣ በአንድ ሜተድ ውስጥ የተሰየመን ቁጥር ላምዳ የተባለው ስም-አልባ ተግባር ቢጠቀምበትና ተግባሩ ለሌላ ክር ቢሰጥ፣ የሲ ሻርፕ ኮምፓይለር ቁጥሩን ራሱ ወደሚፈጥረው ክላስ ያዛውረዋል። የግል የመሰለው ቁጥር በዚህ መንገድ የጋራ ይሆናል። «የሜተድ ቁጥሮች ሁልጊዜ በስታክ ላይ ናቸው» እየተባለ የተማረ ተማሪ ይህን ሊገምት አይችልም።

በትምህርት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

የጉዳዩ ክብደት ከምዘና ጋር ሲያያዝ ጎልቶ ይታያል። እንዲህ ያለው ስሕተት ሁልጊዜ አይከሠትም። ዛሬ በብዛት በሚገኙት ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተሮች ላይ ሎንግ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ስለሚጻፍ ጉድለቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። መምህሩ ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ አስኪዶ ትክክለኛ ውጤት ቢያገኝ ሙሉ ማርክ ይሰጣል፤ ተማሪውም ያልተረጋገጠን ነገር እንደ ተረጋገጠ ይዞ ወደ ሥራ ይሄዳል። ጉድለቱ የሚገለጠው ብዙ ተገልጋይ በአንድ ጊዜ በሚስተናገድበት የሒሳብ ወይም የምዝገባ ሥራ ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ምንጩን ፈልጎ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

የጉድለቱ አንዱ ምክንያት የምዕራፎች አቀማመጥ ይመስላል። የዓይነቶች ትምህርት በመጀመሪያ፣ የክሮች ትምህርት በመጨረሻ ይሰጣል፤ የኋለኛው ወደ ፊተኛው ተመልሶ ካላረመው ተማሪው ሁለቱን የሚያገናኘው በራሱ ግምት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ስዊፍት 6 በክሮች መካከል የሚፈጠር የመረጃ ግጭትን ኮምፓይለሩ አስቀድሞ እንዲመረምር ማድረጉ መልካም ርምጃ ነው። ይሁን እንጂ የኮምፓይለሩን ተቃውሞ ለመረዳት ያው እውቀት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

ሀ. ዋጋ ያዥና አድራሻ ያዥ ዓይነቶች በሚብራሩበት ምዕራፍ፣ መቀዳት ማለት በክሮች መካከል ከመጋጨት መዳን ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ቢነገር፤

ለ. ተማሪዎች የ40 እና የ41 ን ምሳሌ በወረቀት ላይ፣ ርምጃ በርምጃ፣ እንደ ሁለት ክሮች ሆነው ቢሠሩት፤

ሐ. መፍትሔው በሦስት ተከፍሎ ቢቀርብ፤ ለእያንዳንዱ ክር የግል ቅጅ መስጠት፣ ከተጻፈ በኋላ የማይለወጥ መረጃ መጠቀም፣ የጋራ ቦታን በቁልፍ መጠበቅ፤

መ. በፈተና ከፕሮግራሙ ውጤት ይልቅ «ይህን ቦታ ማን ያነባል? ማን ይጽፋል?» ለሚለው ጥያቄ ለሚሰጠው መልስ ማርክ ቢያዝ።

አጭር ደንብ ለመምህርም ለተማሪም ምቹ ነው። ወሰኑ አብሮ ካልተነገረ ግን፣ ተማሪው የሚወርሰው ምቾቱንና ስሕተቱን አንድ ላይ ነው።