ድራጎንን የወለደው አጥንት ነው?

"የድራጎን ተረት ከየት መጣ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ቶሎ የምታገኙት መልስ ይሄ ነው፦ የጥንት ሰዎች የጠፉ እንስሳትን ቅሪተ አካል አገኙ፣ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ድራጎን ፈጠሩ። መልሱ ደስ ይላል፤ ግን የሚያስረዳው ግማሹን ብቻ ነው።

ሁሌም የሚጠቀሰው ማስረጃ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ክላገንፉርት ከተማ አደባባይ ላይ ያለው የድንጋይ ድራጎን ነው። የተጠረበው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ ለጭንቅላቱ ሞዴል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1335 በአካባቢው ተገኘ የሚባል የራስ ቅል ነው። ቅሉ ኋላ ሲመረመር የጸጉራም አውራሪስ ሆነ፤ በበረዶ ዘመን የኖረ፣ አሁን የጠፋ እንስሳ። ታዲያ ያኔ እንዴት አልታወቀም? የአውራሪስ ቀንድ ውስጡ አጥንት የለውም። እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በስብሶ ይጠፋል፤ የሚቀረው ቀንድ አልባ ቅል ነው።

እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ሐውልቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ክንፉ ከየት መጣ? የተጠማዘዘው ጅራቱስ? ቅሉ ላይ የሉም። አውራሪስ ሣር በል ነው፤ የከተማዋ አፈ ታሪክ ድራጎን ግን ከብትና ሰው ይበላል። ደግሞም አውሮፓውያን ስለ ድራጎን መተረክ የጀመሩት ከ1335 በፊት ነው። ድራጎን ያለበት የእንግሊዞቹ "ቤውልፍ" ብራና እንኳ ከዚያ 300 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ ቅሉ ተረቱን አልወለደም፤ ቀድሞ የነበረው ተረት ነው ለቅሉ ስም ያወጣለት።

አሁን ወደ ቻይና እንሂድ። እዚያም ቅሪተ አካል "የድራጎን አጥንት" እየተባለ ለመድኃኒት ይሸጥ ነበር። የቻይናው ድራጎን ግን ዝናብ የሚያመጣ፣ የንጉሠ ነገሥት ምልክት የሆነ ክቡር ፍጡር ነው። ግብአቱ ተመሳሳይ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ መሃል ላይ ያልቆጠርነው ነገር አለ ማለት ነው። እሱም የሰዎቹ ኑሮ ነው። ክላገንፉርት የተቆረቆረችው ረግረግ ላይ ነው፤ የተረቱ ድራጎንም የሚያደባው እዚያው ረግረግ ውስጥ ነው። የቻይና ገበሬ ደግሞ ዓይኑ ዝናብ ላይ ነበር።

"ባለማወቃቸው ነው" የሚለው መልስ ይሄን ሁሉ ይዘለዋል። ሌላ ጊዜ "ይሄ ተረት የመጣው ከቅሪተ አካል ነው" የሚል ቪዲዮ ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አጥንቱ ነው ወይስ ተረቱ የቀደመው? አጥንቱ የማያስረዳው የፍጡሩ ክፍልስ የቱ ነው?