አንበሳው በመጽሐፍና አንበሳው በሲኒማ

ከሐረር አምስቱ ጥንታውያን በሮች አንዱ ፈላና በር ነው፤ ሐረሪዎች አሱም በር ይሉታል። በዚህ በር አጠገብ የሚኖር ሰው፥ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ጅብ መጋቢው ጅቦቹን በየስማቸው ሲጠራ፥ እነርሱም ከጨለማ ወጥተው ወደ እጁ ሲቀርቡ ያያል። በጀጎል ግንብ ሥርም ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ለሚያድግ ልጅ፥ አውሬ ስም አለው፥ ቃልም ይሰማል ቢሉት ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እኔም ይህን አስቤ «አንበሳው፥ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» የተባለውን የክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስሁ፥ 9 ዓመት ለሆናት ለእኅቴ ልጅ በየማታው አንዳንድ ምዕራፍ ነገርኋት። ምዕራፉ 17 ነውና 17 ሌሊት ፈጀብን። በ18ኛው ቀን ከመጽሐፉ የተሠራውን ሲኒማ አብረን አየን። ዛሬ የምጽፈው በዚያች ማታ ስላየሁትና ከዚያ በኋላ በልጅቱ ላይ ስለ ታዘብሁት ነገር ነው።

ሉዊስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1898 በቤልፋስት ተወልዶ፥ በኦክስፎርድ ኋላም በካምብሪጅ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሊቅ ነበር፤ በ1963 ዐረፈ። መጽሐፉን ያሳተመው በ1950 ነው። ሲኒማውን ደግሞ የኒውዚላንዱ ተወላጅ አንድሩ አዳምሰን አዘጋጅቶ በ2005 አወጣው። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከለንደን ወደ ገጠር የተላኩ አራት ወንድማማችና እኅትማማች ልጆች፥ በአንድ ቁም ሣጥን በኩል ናርንያ ወደምትባል አገር ይገባሉ። ያችን አገር አንዲት ጠንቋይ ይዛት ሁልጊዜ ክረምትና በረዶ አድርጋታለች። ከአራቱ አንዱ ኤድመንድ ለጣፋጭ ምግብ ሲል ወንድሙንና እኅቶቹን አሳልፎ ይሰጣል። በሕጉም መሠረት የከዳተኛ ሞት ለጠንቋይቱ ይገባታልና፥ አስላን የተባለው አንበሳ ስለ እርሱ ፈንታ በድንጋይ ገበታ ላይ ይታረዳል፤ ሲነጋም ከሞት ይነሣል። ጣፋጩን ምግብ መጽሐፉ የቱርክ ይለዋል፤ እኔ ግን ስነግራት ሐላዋ አልሁት፤ የሐረር ልጅ ለሐላዋ ሲሉ መሳሳት ምን እንደ ሆነ ያውቃልና።

የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ወርቁ ወዴት እንደሚመራ ለማወቅ አይቸገርም። አስላን ማለት በቱርክ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው፤ ሉዊስም በዚህ ስም የይሁዳን አንበሳ ማሰቡን በደብዳቤው ገልጿል። በአገራችንም ይህ ስም በነገሥታት ማኅተም ላይ ለዘመናት የኖረ ስለ ሆነ ለጆሮአችን ባዕድ አይደለም። ዮሐንስ በራእዩ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ ሲባል ሰምቶ ዘወር ባለ ጊዜ ያየው እንደ ታረደ ሆኖ የቆመ በግ ነበር። ሉዊስም አንበሳውን ጠጉሩን አስላጭቶ፥ አፉን አሳስሮ፥ ዝም ብሎ ወደ መታረጃው ሲሄድ በማሳየቱ ከዚህ ንባብ አልራቀም። ታሪኩ ልብ ወለድ እንጂ ወንጌል አይደለም፤ ነገር ግን ከወንጌል አጠገብ የበቀለ ልብ ወለድ ነው።

ሲኒማውን ከመንቀፌ በፊት የሚመሰገነውን ላመስግን። በመጽሐፉ ስለ ለንደን የአየር ድብደባ የተነገረው በአንድ ቃል ብቻ ሲሆን፥ አዳምሰን ግን ሲኒማውን የጀመረው ቦምብ ከሚጥሉት አውሮፕላኖች ነው። ይህ ጭማሪ ተገቢ ነው እላለሁ። በ1928 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኢጣልያ አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ የሆነውን ከአያቶቻችን ሰምተናልና፥ ልጆች ከእናታቸው ተለይተው ለምን እንደሚሰደዱ ለዚህ ከተማ ሰው ማስረዳት አያሻም። ደግሞም ጠንቋይቱን ሆና የተጫወተችው ቲልዳ ስዊንተን ሳትጮህና ሳትቆጣ በፊቷ ቅዝቃዜ ብቻ ታስፈራለች፤ ክፋት ሁልጊዜ በቁጣ መልክ እንደማይመጣ ያስተማረች ይመስለኛል።

ሉዊስ በ1959 ላንስ ሲቭኪንግ ለተባለ የሬድዮ ድርሰት አዘጋጅ በጻፈው ደብዳቤ፥ ከናርንያ መጻሕፍት አንዱ በሬድዮ ሲነገር የሰማውን ያህል እንደ ወደደው፥ በቴሌቪዥን ግን እንዳይታይ ፈጽሞ እንደሚቃወም ገልጾ ነበር። ምክንያቱም የሚናገሩ አራዊት ከትረካ ወጥተው በዓይን ሲታዩ ወይ መሳቂያ ወይ ማስፈራሪያ ይሆናሉ ብሎ ነው፤ የአንበሳ ልብስ የለበሰ ሰው አስላንን ሆኖ ቢታይ ለእርሱ ድፍረት ነበር። ለእውነት እንፍረድ ካልን፥ የ2005ቱ አንበሳ የሰው ልብስ አይደለም፤ በኮምፒዩተር የተሣለ፥ በሊያም ኒሰን ድምፅ የሚናገር፥ ግርማ ያለው ፍጥረት ነው። ስለዚህ ደራሲው ከፈራው ከመሳቂያነት ድኗል። ነገር ግን ሌላ ችግር ገጥሞታል።

የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰዱት ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ መልኩን በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ባጋለው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ሰሙ በለቀቀው ስፍራ ይገባል። እንግዲህ ሰሙ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ወርቁ ቦታ አያገኝም። ሲኒማው ግን ሰሙን እጅግ አሳምሮ ስለ ሠራው ሊያቀልጠው ሳሳ። ሉዊስ ጦርነቱን በጥቂት አንቀጽ ያልፈዋል፤ ከፍሉም ከጦርነቱ በኋላ ፒተር ሲናገረው የሚሰማ ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ጉባኤ ቃና ነው፤ በሁለት ቤት ያልቃል። ሲኒማው ጉባኤ ቃናውን መወድስ አደረገው፤ ሰይፍ፥ ፈረስ፥ በራሪ አውሬ፥ ሩጫ ሞላበት። በመጽሐፉ የሌለውን የቀለጠ ወንዝና የተኵላ ፍጥጫም ጨመረበት። ይህን ሁሉ ያየ ልጅ ጠንቋይቱ የተሸነፈችው በጦርነቱ ይመስለዋል፤ የተሸነፈችው ግን ቀድሞ፥ ማንም ሰይፍ ባላነሣበት በድንጋዩ ገበታ ላይ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ነቀፋ አለኝ፤ አንባቢም ይመርምረው። በመጽሐፉ አንበሳው ከተነሣ በኋላ ለልጃገረዶቹ ሲያስረዳ፥ ጠንቋይቱ የምታውቀው ሕግ ዘመን ከተጀመረበት ወዲህ ያለውን ብቻ እንደ ሆነ፥ ከዘመን በፊት ግን እርሷ ያላየችው የበለጠ ጥልቅ ነገር እንደ ነበረ ይነግራቸዋል። በሲኒማው ግን ይህ ተለውጦ፥ ጠንቋይቱ የመሥዋዕትን ትርጕም ብታውቅ ኖሮ ሕጉን በሌላ መንገድ በተረጐመችው ነበር የሚል ሆኗል። ልዩነቱ ጥቂት የሚመስለው ይኖራል፤ ትርጓሜ ቤት የዋለ ሰው ግን ጥቂት አይለውም። በሲኒማው ጠንቋይቱ ያጠፋችው እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው፤ መጽሐፉ በእጅዋ ሳለ አንድምታው ጠፋባት። በሉዊስ ግን መጽሐፉ ራሱ ከእርሷ የተሰወረ ነው። የአንጾኪያው ቅዱስ አግናጥዮስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክቱ የድንግል ማርያም ድንግልና፥ መውለድዋና የጌታ ሞት ከዚህ ዓለም ገዥ እንደ ተሰወሩ ያስተምራል። ሉዊስ የቆመው በዚህ በጥንቱ ትምህርት ላይ ነው። ምሥጢርን ወደ ትርጕም ስሕተት ያወረደ ሰው የአንድ ዓረፍተ ነገር ቃል ለወጠ እንጂ ሌላ አላደረገም ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የቅኔው ወርቅ የሚገኘው በአንዲት ቃል አይደለምን?

ይህን ስል ሥዕልን የምንቅ አልመስል። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው ሁሉ ሥዕል ነው፤ ማንበብ ያልተማረው ሕዝብም በርሱ ተምሯል። ነገር ግን የግድግዳ ሥዕል ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጅ እየጠየቀ፥ መምህር እየመለሰ፥ ዓይንና ጆሮ አብረው ይሄዳሉ። ሲኒማ አይጠብቅም። ጆሮ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራም እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ በተረከው ጊዜ፥ የሰማ ሰው ሁሉ የራሱን ሰብለ ወንጌልና የራሱን ጉዱ ካሣ በልቡ ሣለ። ይኸው ድርሰት በ2017 ዓ.ም. በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር እኔ ራሴ ተጫዋቾቹን ስመለከት፥ በልቤ ከኖሩት ጋራ ሳስተያይ ነበርሁ እንጂ ነገሩን አልከታተልም ነበር። ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አልነበረም፤ ቤቱ አስቀድሞ ሰው ስለ ነበረበት ነው።

አሁን ወደ ልጅቱ ልመለስ። ሲኒማውን ከማየቷ በፊት፥ በ7ኛው ሌሊት የአንበሳው ስም በመጀመሪያ በተነሣ ጊዜ፥ አንበሳው ምን ይመስላል ብዬ ጠይቄአት ነበር። በመጽሐፉ ስሙ ሲጠራ ከአራቱ ልጆች እያንዳንዱ የተለየ ስሜት ያድርበታል፤ ኤድመንድ ይደነግጣል፥ ሌሎቹ ደስ ይላቸዋል። እርሷም ጥቂት አስባ «ጋሼ፥ ፊቱ አይታየኝም፤ ግን ከበሩ ውጭ ቆሞአል፤ ጅቦቹም ዝም ብለዋል» አለችኝ። ከብዙ ዘመን ወዲህ እንደዚህ ያለ መልስ ከተማሪ አልሰማሁም። ሲኒማውን ካየን በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ ብጠይቃት፥ «አየነው እኮ!» ብላ የኔን አለማስተዋል ታዝባ ሳቀች። ወረቀት ሰጥቻት ብትሥልም የሣለችው የሲኒማውን አንበሳ ነው፤ ጠጉሩ እንኳ አልቀረም። ከፈላና በር ውጭ ቆሞ ጅቦችን ዝም ያሰኘውን አንበሳ ብጠይቃት አላስታወሰችውም።

ይህ ነገር አሳዘነኝ፤ ደግሞም ራሴን ወቀስሁ፤ ቴሌቪዥኑን የከፈትሁት እኔ ነኝና። ሲኒማው የሰጣት አንበሳ መልካም ነው፤ የወሰደባት አንበሳ ግን የራሷ ነበር። ሌላው ሰው የሣለው አንበሳ ለሁሉ አንድ ነው፤ እርሷ የሣለችው ግን በሐረር፥ በፈላና በር፥ በአንዲት ልጅ ልብ ብቻ የሚገኝ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሲኒማውን አታሳዩ ብል የሚሰማኝ የለም፤ መባልም አይገባውም፤ በአመዛኙ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነውና። ነገር ግን ልጆች ያሏችሁ፥ በተለይም መምህራንና ካህናት የሆናችሁ፥ መጽሐፉን አስቀድማችሁ አንብቡላቸው፤ ካነበባችሁም በኋላ በልባቸው የተሣለው እስኪጸና ድረስ ብዙ ጊዜ ስጡት። እኔ አንድ ቀን ብቻ ሰጠሁት፤ አነሰ። ባለፈው ሳምንት የድንጋዩን ገበታ ምዕራፍ እንደ ገና ጀመርሁላት። መብራቱን አጥፍቼ፥ ጅብ መጋቢው በውጭ እየተጣራ ሳለ፥ ቀስ ብዬ ነገርኋት። እስካሁን የምታየው የሲኒማውን አንበሳ ነው። እኔም መናገሬን አልተውሁም።