መታጠፊያው ላይ ምንም አይቀመጥም

ተጣጣፊ ስልክ እየከፈተ የሚዘጋ ሰው ዕቃው በሙሉ የሚታጠፍ ይመስለዋል። ፈቶ ላየው ጠጋኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቦርዱ አይታጠፍም፤ ባትሪው አይታጠፍም፤ ካሜራውም፣ ስፒከሩም፣ አይሲዎቹም አይታጠፉም። የሚታጠፉት ስክሪኑ፣ ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ፍሌክስና ማጠፊያው ብቻ ናቸው። የዚህ ዕቃ ጥበብ ያለው ግትሩን ክፍል ከመታጠፊያው መስመር ማራቅ ላይ ነው። እኔ መሐንዲሱ የደረደረውን እጠግናለሁ፤ በከፈትሁ ቁጥርም ከክፍሎቹ ይልቅ አደራደራቸው ይገርመኛል።

ባትሪውን እንውሰድ። ውስጡ ስስ ንብርብር ነው፤ አዎንታዊውንና አሉታዊውን የሚለየው ሽፋን ከተጎዳ ሁለቱ ይገናኙና እሳት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ይቀመጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጋላክሲ ፎልድ 4380 ሚሊአምፒር ሰዓቱን የያዘው በሁለት ባትሪ ነበር። ይህ ክብደቱንም ያመዛዝናል፤ አንዱ ጎን ብቻ ቢከብድ ስልኩ ሲዘረጋ እጅ ላይ አይረጋም።

ደቃቆቹ ካፓሲተሮች ደግሞ ሴራሚክ ናቸው። ሴራሚክ ጭነት ይችላል፤ መጉበጥ ግን አይችልም። ቦርዱ ትንሽ ከጎበጠ ከሶልደሩ ጠርዝ አጠገብ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምርና ውሎ አድሮ ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ፍሌክስ ላይ ክፍል መበየድ ግድ ሲሆን፣ ከጀርባው ማጠንከሪያ ሳህን ይለጠፍበታል። ካፓሲተሩም ርዝመቱ ከመታጠፊያው መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል፤ እንዲያ ሲሆን ጉብጠቱ የሚያገኘው አጭሩን ጎኑን ነው።

ሥራው የሚረቅቀው ፍሌክሱ ላይ ነው። መደቡ ፖሊይሚድ ነው፤ ጠረጴዛችን ላይ ሙቀት ለመከላከል የምንለጥፈው ቢጫ ካፕተን ቴፕ የዚሁ ዘር ነው። መዳቡ በመዳመጫ የሳሳና በሙቀት የለሰለሰ ይመረጣል፤ በኤሌክትሪክ የተለበጠው መዳብ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ቶሎ ይበጠሳል። የመዳቡ መስመሮች መታጠፊያውን ቀጥ ብለው ያቋርጣሉ፤ መዞር ሲኖርባቸው በቅስት እንጂ በሹል ማዕዘን አይዞሩም። ከንብርብር ወደ ንብርብር የሚያሻግሩት ቀዳዳዎችም እዚያ ላይ አይበሱም። ደግሞ ማንኛውም ነገር ሲታጠፍ ውጪው ይለጠጣል፣ ውስጡ ይታመቃል፤ መሃል ላይ ግን ሁለቱም የማይነኩት ቦታ አለ። መዳቡ ከላይም ከታችም እኩል ፖሊይሚድ ለብሶ እዚያ መሃል እንዲውል ይደረጋል።

ርዝመቱስ? ስልኩ ወደ ውስጥ ሲዘጋ ከስክሪኑ ጀርባ የሚያልፈው ፍሌክስ ከስክሪኑ የሚረዝም መንገድ ይዞራል። መንገዱ የግማሽ ክብ ቅስት ከሆነ፣ ከስክሪኑ በራቀበት በእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር 3.14 ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ርዝመት ይፈልጋል። ፍሌክሱ ላላ ብሎ፣ ተጣጥፎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ያ ትርፍ ርዝመት የተረሳ ወይም የተዝረከረከ የሚመስለው ሰው ቢወጥረው ስልኩን ገደለው ማለት ነው።

ስክሪኑም በዚያው የመለጠጥና የመታመቅ ሕግ ይተዳደራል። በመታጠፊያው ውጪ በኩል ያለው ፊት ምን ያህል እንደሚለጠጥ ለማወቅ ውፍረቱን ለመታጠፊያው ሬዲየስ እጥፍ ማካፈል ነው። በ2020 ጋላክሲ ዚ ፍሊፕ ላይ የመጣው ስስ መስታወት ውፍረቱ 30 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ በ1.5 ሚሊሜትር ሬዲየስ ቢታጠፍ የሚለጠጠው 1 በመቶ ነው። ውፍረቱ 10 እጥፍ ቢሆን 10 በመቶ ይደርስና ይሰበራል። ንብርብሮቹን የሚያያይዘው ሙጫም ለስላሳ መሆን አለበት። ወፍራም መጽሐፍ ብታጎብጡ ገጾቹ እርስ በርስ ተንሸራትተው ጠርዙ ደረጃ ይሠራል፤ የስክሪኑ ንብርብሮችም እንደዚያ ካልተንሸራተቱ ይላቀቃሉ።

አደራደሩ ተሟልቶ እንኳ ትንሽ ክፍተት ሁሉን ያበላሻል። በሚያዝያ 2019 ለገምጋሚዎች የተሰጡ አንዳንድ ጋላክሲ ፎልዶች በቀናት ውስጥ ስክሪናቸው ተበላሸ። ከፊሎቹ መከላከያ ሽፋኑን ተራ ላስቲክ መስሏቸው ልጠውት ነበር፤ በማጠፊያው ጫፍ ባዕድ ነገር የገባባቸውም ነበሩ። ሽያጩ ወደ መስከረም ተራዘመ፤ ሽፋኑ ከጠርዙ ስር እንዲገባ፣ የማጠፊያው ጫፎችም በክዳን እንዲደፈኑ ተደረገ። የ2021 ጋላክሲ ዚ ፎልድ 3 አይፒኤክስ8 ደረጃ አገኘ፤ 8ቱ የውሃ ነው፣ ኤክስ የቆመበት ቦታ የአቧራ ነው፤ ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ለወጣት ጠጋኞች የምለው አለኝ። ስክሪኑ በአንድ የመክፈቻ ማዕዘን በርቶ በሌላው ከጠፋ፣ ቦርዱን በሆት ኤር ከማሞቃችሁ በፊት ፍሌክሱን ጠርጥሩ። በመልቲሜትር ስትለኩትም ዘርግታችሁ ብቻ አትለኩ፤ የተሰነጠቀ መዳብ ተዘርግቶ ሳለ ይገናኝና ሲታጠፍ ይለያያል። ስትመልሱት በነበረበት መንገድ መልሱት፤ መታጠፊያው ላይ ቴፕ አትለጥፉ፣ ሙጫ አታፍስሱ፣ ላላ ያለውን አትወጥሩ። መሐንዲሱ ባዶ የተወው ቦታ ሥራ አለው፤ ባዶነቱን ጠብቁለት።