የሔርና የመድዓ ፊደል፦ በጅቡቲ ከተማ የአገር በቀል ዕውቀት ጥናት ሲመዘን

የኢሳ ሶማሌዎች ቃላዊ ሕግ «ሔር ዒሴ» በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ አቅራቢነት በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ምዝገባው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በጅቡቲ ከተማ ይህን መሰል ቅርስ ለሚያጠና ተማሪ ከምዝገባው የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ሕጉን በየትኛው ቋንቋ ይተነትነዋል?

የ1992 ሕገ መንግሥት ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው ዐረብኛንና ፈረንሳይኛን ነው። በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲም በዋናነት የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ነው። በዚህ ሥርዓት ሶማልኛና አፋርኛ የማስረጃ ምንጭ ይሆናሉ፤ ትንታኔው ግን በሌላ ቋንቋ ይጻፋል። ጉዳቱ በስያሜ ላይ በግልጽ ይታያል። «ሔርቤግቲ» በፈረንሳይኛ «ዳኛ» ተብሎ ሲተረጎም፣ ለአንድ ጉዳይ የሚሰየሙት ሕግ ዐዋቂ ሽማግሌዎች መንግሥት የሾማቸው ባለሥልጣናት ይመስላሉ።

ሁለተኛው ችግር የፊደል ነው። በ1972 የጸደቀው የሶማልኛ የላቲን አጻጻፍና በዚያው ዐሥር ዓመት ዲሚስና ሬዶ ለአፋርኛ ያዘጋጁት አጻጻፍ ተመሳሳይ ምልክቶችን ለተለያዩ ድምፆች ይጠቀማሉ። «ኤክስ» በሶማልኛ «ሐ»ን ሲወክል በአፋርኛ ለ«ዸ» የቀረበ ድምፅ ይወክላል። «ኪው» በሶማልኛ «ቀ»፣ በአፋርኛ «ዐ» ነው። ስለዚህ የአፋርኛን አጻጻፍ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ «ሔር»ን «ዼር» ይለዋል፤ የሶማልኛውን ብቻ የሚያውቅም የአፋሮችን ባህላዊ ሕግ «መድዓ»ን «መድቃ» ብሎ ያነባል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን የሕግ ስም እንኳ በትክክል ለማንበብ ይቸገራሉ ማለት ነው።

ፈረንሳይኛ ለሁለቱ ወገኖች ገለልተኛ መገናኛ ነው የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው፤ ጥናቱን ከአገር ውጭ ለማድረስም ይጠቅማል። ነገር ግን ይህ ገለልተኝነት የተገኘው ሁለቱም ቋንቋዎች ከትንታኔው በመገለላቸው ነው። ሔርም መድዓም በንግግር የቆሙ ሕግጋት ናቸው፤ ሕያው ያደረጋቸው በራሳቸው ቋንቋ የሚካሄደው ሙግት ነው። በፈረንሳይኛ ብቻ የተተነተነ ሕግ በቤተ መጻሕፍት ሊቆይ ይችላል፤ የሚሟገትበት ትውልድ ግን አያፈራም።

የከተማው ሬዲዮ ከፈረንሳይኛና ከዐረብኛ ጋር በሶማልኛና በአፋርኛም ያሰራጫል፤ በአገሪቱ የጥናትና ምርምር ማዕከል ሥርም የቋንቋዎች ተቋም አለ። መሠረቱ ስለተጣለ፣ ቀጣዩ እርምጃ ሁለቱን አጻጻፎች ጎን ለጎን ማስተማርና የባህል ጥናት ተማሪ ቁልፍ ቃላቱን ቢያንስ በአንድ ምዕራፍ በቋንቋው ራሱ እንዲተነትን መጠየቅ ነው። ያለዚህ የሚጠበቀው ቅርሱ ሳይሆን ትርጉሙ ይሆናል።