ችሮታና ዕዳ

የትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል መጽሔት በአገራችን ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘውግ ሆኗል። ሆኖም እስካሁን የሒስ ዓይን ያረፈበት አይመስለኝም። መልኩ የታወቀ ነው። ሽፋኑ ላይ ሕንፃው ወይም የትምህርት ቤቱ ጠባቂ ቅዱስ ሥዕል ይኖራል፤ ገለጥ ሲያደርጉት የርእሰ መምህሩ መልእክት፣ የመሥራቾቹ ታሪክ፣ በብሔራዊ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ስም ዝርዝር ይከተላል። ወደ መጨረሻው ግድም ደግሞ «እምነትና አገልግሎት» የሚል ምዕራፍ አለ። ዩኒፎርም የለበሱ ወንዶች ልጆች ችግኝ ሲተክሉ፣ ለአረጋውያን ልብስ ሲያድሉ፣ የአንዲት ደካማ እናት ጎጆ ሲያድሱ በፎቶግራፍ ይታያሉ።

በተለያየ ጊዜ እጄ የገቡትን የካቶሊክ ወንዶች ትምህርት ቤቶች መጽሔቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ያነበብኩት ይህንኑ ምዕራፍ ነው። የአንዱን ወይም የሌላውን ትምህርት ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። ጉድለቱ የዘውጉ ነውና። ጉድለቱም በሰዋስው ይጀምራል። በእነዚህ ገጾች ላይ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ዘወትር «እኛ» ነው፦ ሰጠን፣ ረዳን፣ ጎበኘን፣ አጽናናን። ተቀባዩ ግን ስም የለውም። «አንዲት አቅመ ደካማ እናት»፣ «የአካባቢው ችግረኞች» ተብሎ ይታለፋል። ስለ ልጆቹ የምናውቀው ብዙ ነው፤ ስለ እናቲቱ የምናውቀው መቸገሯን ብቻ ነው። ጎጆዋ በታደሰ ማግስት ምን እንደ ሆነች የሚናገር መስመር ከቶ አላገኘሁም።

ሥራው መልካም አይደለም ማለቴ አይደለም። ጣሪያው ተከድኗል፤ ዝናቡም ቆሟል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ያ ልጅ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ልቡ ውስጥ ያደረው ችሮታ ነው ወይስ ዕዳ? የሰጠ መስሎት ተመለሰ ወይስ የከፈለ?

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የአንዳንዶቹ አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ደ ላ ሳል በዚህ ጥያቄ ላይ አሻሚ ነገር አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1651 በራንስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ፤ በከተማዋ ካቴድራልም የክብር ሹመት ነበረው። የድሆችን ልጆች የሚያስተምሩ መናጢ መምህራንን መጀመሪያ በማዕዱ አስቀመጣቸው፣ ቀጥሎ በቤቱ አስገባቸው። ዘመዶቹ አፈሩበት። በ1683 ሹመቱን ለቀቀ፤ ቀጥሎ በመጣው የረኀብ ዘመን ሀብቱን አከፋፍሎ ጨረሰ። የመሠረተው ማኅበር አባላት ካህናት አይደሉም፤ «ወንድሞች» ነው የሚባሉት። አዲስ አበባ ላይ ሴንት ጆሴፍን የሚያስተዳድሩት የላሳል ወንድሞች የዚሁ ማኅበር ናቸው። «አባት» ከላይ ሆኖ ይሰጣል፤ «ወንድም» ግን ከእኩያው ጋር ይካፈላል። ማኅበሩ በስሙ ውስጥ ያስቀመጠው ትምህርት ይህ ከሆነ፣ መጽሔቶቹ የአባትን ቋንቋ መናገራቸው ከመሥራቹ መራቅ ነው።

ነገሩ ወደ ጉራጌ አገር ሲወሰድ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ አጣጥ አለች፤ አለፍ ሲሉ እምድብር። እምድብር የቆየ የካቶሊክ ሚሲዮንና ትምህርት ቤት የነበረባት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የራሷን የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ያገኘች ከተማ ናት። ሚሲዮኑ ወደዚህ አገር ሲመጣ ባዶ ሜዳ አልጠበቀውም። ጀፎረ ጠበቀው እንጂ።

ጀፎረን ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ በጉራጌ መንደር መካከል የተዘረጋ ሰፊና ሣር የለበሰ አደባባይ መሰል መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ የመስቀል ጨዋታውም እዚያ ነው። የማንም አይደለም፤ ስለዚህም የሁሉም ነው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ከመንደሩ ሸንጎ ፊት ይቆማል። የመሬት ጥበት እንደዚያ በበረታበት አገር ያ ሰፊ ሣር ሳይታረስ ትውልድ መሻገሩ ምን ያህል የጋራ ሥርዐት እንዳለ ይመሰክራል።

ይኸው ሥርዐት ሕዝቡ ሲሰደድ አብሮት ተሰዷል። የአዲስ አበባን ዕድር ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የጉራጌ ስደተኞችን ሳያነሡ አያልፉም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለትውልድ አገራቸው መንገድ ለመሥራት ማኅበር አቋቋሙ። በቡታጅራ በኩል የሚያልፈው የአለምገና–ወላይታ ሶዶ መንገድም በደጃዝማች ወልደሰማዕት ገብረወልድ መሪነት በሕዝብ መዋጮ የተጀመረ ነው። ከሊስትሮውና ከሱቅ ጠባቂው አንሥቶ እስከ ነጋዴው ድረስ ያዋጣ ሰው «በጎ አድራጊ» አልተባለም። ያላዋጣው ግን ይታወቅ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ዓይነት ቤት የወጣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ለመማር አይመጣም፤ ይዞት ይመጣል። የትምህርት ቤቱ ድርሻ ያንን ይዞት የመጣውን ነገር በፊደልና በእምነት ማስፋት ነው። በሌላ ስም መልሶ ሊሰጠው ቢሞክር ግን ልጁ ከራሱ ቤት ያገኘውን ከውጭ የመጣ ስጦታ አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። መጽሔቶቹን ሳነብ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ የገዛ አያቱን መንደር እንደ ጎብኚ የሚያይ ልጅ።

ይህ ፍርሃት የግድ እውን እንደማይሆን የሚያሳይ ሰው ደግሞ ከዚያው ከእምድብር ወጥቷል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በልጅነቱ የተማረው በእምድብር የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ፈረንሳይ፣ ከዚያም አሜሪካ። መንገዱ ሁሉ ከመንደሩ የሚያርቅ ነበር። እሱ ግን ሩቅ አገር ሆኖ የመንደሩን ኑሮ በቸሃ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል ጻፈ። ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 «የሺነጋ መንደር» በሚል ርእስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ታተመ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» የናማጋ ጎጆ ተቃጥሎ ሠላሳ መንደሮች አጥፊውን ለመፈለግ ሸንጎ የሚቀመጡበት ልብ ወለድ ነው። የአንድ ሰው ጎጆ መቃጠል የሠላሳ መንደር ጉዳይ ነው። ከመጽሔቶቹ ስም የለሽ «አቅመ ደካማ እናት» ጋር አስተያዩት። በልብ ወለዱ ጎጆው የተቃጠለበት ሰው ስም አለው፣ ጎረቤት አለው፣ በሸንጎ የሚነሣ ጉዳይ አለው። እኔ እንደማነበው ሣህለ ሥላሴ ለመንደሩ ያደረገው አገልግሎት ይህ ነው፦ ለተቀባዩ ስሙን መመለስ።

ይኸው ደራሲ የቪክቶር ሁጎን ታላቅ ልብ ወለድ «መከረኞቹ» ብሎ ወደ አማርኛ መልሶልናል። ያነበበ ሰው ጳጳሱን ሚሪኤልን አይረሳም። ዣን ቫልዣን የብር ዕቃውን ሰርቆት ሲሄድ ጳጳሱ አልተቆጣም። ለቤት ሠራተኛዋ የነገራት ብሩ ከመጀመሪያውም የድሆች እንደ ነበረና እሱ ያለ አግባብ ይዞት እንደ ቆየ ነው። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ሐሳብ ቢኖር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጳጳሱ አልሰጠም፤ መለሰ። በእጁ የነበረውን እንደ ዕዳ ስለ ቆጠረው የተቀበለው ሰው አልተዋረደም።

«ይህ ሁሉ ለአንድ የመጽሔት ምዕራፍ ነውን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነውም፣ አይደለምም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከኢትዮጵያ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ከካቶሊኩ ልጅ ጎን ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ይቀመጣሉ። በጉራጌ አገርማ ይህ ልዩነት በአንድ ዘመድ መካከልም ይገኛል። የመጽሔቱ የእምነት ምዕራፍ ቅዳሴውንና ሱባዔውን ያሳያል፤ ጀማል ወይም ከድር የሚባለው ልጅ በዚያ ሰዓት የት እንደ ነበረ ግን አይነግረንም። ከትምህርት ቤቱ መንፈሳዊ ሕይወት ውስጥ ሁሉም ልጆች ሳይሳቀቁ እኩል ሊገቡበት የሚችሉት ክፍል አገልግሎቱ ነው። ያ የጋራ መግቢያ በር ወደ ትርኢት ከተለወጠ ትምህርት ቤቱ ምን ቀረው?

ከዚሁ አገር ሳንወጣ ሌላ ምሳሌ አለ። የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች ተመሠረተ። ማኅበራቸውን በ1925 ያቋቋመችው ኦስትሪያዊቷ ሐኪም አና ዴንግል ነበረች። ምጥ የያዛት ሴት ወደዚያ ስትደርስ እምነቷ ለሕክምና መግቢያ ዋጋ አይደለም። የሚያክሟት እህቶች እምነት ግን በዚያው በሥራው ውስጥ ይታያል። እምነትና አገልግሎት ሳይሻሙ አብረው ይኖራሉ ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤቶቹ የወንዶች ናቸው። ከመጽሔቶቹ በአንዱ ውስጥ ልጆች ለአንዲት አሮጊት ጀሪካን ውሃ ተሸክመው ይታያሉ። የእነዚያ ልጆች እህቶች በየቀኑ ውሃ ይቀዳሉ፤ በጉራጌ አገር እንሰት መፋቁም የሴቶች ሸክም ነው። ያንን ፎቶግራፍ ያነሣው የለም። ወንድ ልጅ አንድ ቅዳሜ ሲሠራው «አገልግሎት»፣ እህቱ ዓመቱን ሙሉ ስትሠራው «የቤት ሥራ» ከተባለ፣ ልጁ የተማረው ነገር ትሕትና መሆኑን እጠራጠራለሁ። አገልግሎቱ ከገዛ ቤቱ ጓዳ ቢጀምር የበለጠ ያስተምረው ነበር።

ለመጽሔቶቹ መከራከሪያ አይጠፋም። ረጂ ያላየውን አይረዳም፤ ያለ ፎቶግራፍ ገንዘብ አይገኝም፤ ያለ ገንዘብ የድሃው ልጅ ክፍያ አይሸፈንም። ይህ እውነት ነው፤ በቀላሉም የሚናቅ አይደለም። ልጅ የሚማረው በመሥራት ነው፤ ሲጀምር ለመታየት የሠራ እያደር ለመርዳት ይሠራል ቢባልም እቀበላለሁ። ነገር ግን ምጽዋትን በስውር ማድረግን የሚያስተምር ወንጌል የሚነበብበት ቤት፣ ለረጂ የሚላከውን ሪፖርትና ለልጆቹ የሚነገረውን ታሪክ ለይቶ መጻፍ አያቅተውም። ሪፖርቱ ቁጥር ይፈልጋል። ልጁ የሚያስፈልገው ግን የሰውዬው ስም ነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው የምሥረታ በዓል መጽሔት የምጠብቀው ጥቂት ነው። ጎጆዋ የታደሰላት እናት ፈቃዷ ከሆነ በስሟ ትናገር፤ ልጆቹ ሲመጡ ምን እንዳሰበች፣ ጣሪያው ከሁለት ክረምት በኋላ እንዴት እንደ ሆነ ትንገረን። ሥራውን የመረጠው ማን እንደ ሆነ ይጻፍ፤ መምህሩ ነው ወይስ የመንደሩ ሽማግሌዎች? ልጆቹ ከእሷ የተማሩትም ይጻፍ፤ ባዶ እጇን እንዳልጠበቀቻቸው፣ ቡና አፍልታ እንደ ነበር እገምታለሁና። የዚያ ቡና ዋጋ በየትኛውም መጽሔት ሒሳብ ውስጥ ገብቶ አላየሁም።